የኦሊምፒክ ትግልን ለመከታተል፦ አንድ ክብደት መርጦ ከሚዛን እስከ ሜዳልያ

ኦሊምፒክ በመጣ ቁጥር ሩጫውንና ዋናውን በጉጉት የሚያይ ሰው ትግል ላይ ሲደርስ ጣቢያ ይቀይራል። ምክንያቱ ይገባኛል። ሁለት ሰዎች አንገት ለአንገት ተያይዘው ይገፋፋሉ፤ ዳኛው ድንገት ሁለት ጣቱን ያነሳል፤ ሰሌዳው ላይ ቁጥር ይለወጣል፤ ለምን እንደተለወጠ ሳይገባን ሌላ ግጥሚያ ይጀመራል። ከአንድ በላይ ምንጣፍ ላይ በአንድ ጊዜ ሲታገሉ ደግሞ ዓይን የሚያርፍበት ያጣል።

ሁሉንም ለማየት አትሞክሩ። አንድ የክብደት ምድብ ምረጡና ከመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሚዛን እስከ ሁለተኛው ቀን ማታ ሜዳልያ ድረስ አትልቀቁት። አንድ ምድብ የሚፈጀው ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ በእነዚያ ሁለት ቀናት ግን የትግል ሕግ ከሞላ ጎደል በሙሉ ዓይናችሁ ፊት ያልፋል። ማሳያ እንዲሆነን በፓሪስ 2024 የተካሄደውን የሴቶች 50 ኪሎ እይዛለሁ፤ ከእሱ የተሻለ አስተማሪ ምድብ አላየሁም። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

1. መጀመሪያ የትግሉን ዓይነት ለዩ

በኦሊምፒክ ሁለት ዓይነት ትግል አለ። በግሪኮ ሮማን ከወገብ በታች መያዝ ክልክል ነው፤ በእግር ጠልፎ መጣልም አይፈቀድም። ጉልበቱ ሁሉ ከደረት፣ ከክንድና ከወገብ ይመጣል፤ ስለዚህ ሰው አንስቶ ከራስ በላይ አሳልፎ መወርወርን ማየት የሚወድ ይህንን ይምረጥ። በነፃ ትግል እግርም ይያዛል፣ በእግርም ይጠለፋል፤ ፍጥነቱ ከፍ ይላል። ወንዶች በሁለቱም ይወዳደራሉ፤ ሴቶች በነፃ ትግል ብቻ።

ግሪኮ ሮማን መሆኑንና ነፃ ትግል መሆኑን በአምስት ሰከንድ ለመለየት የታጋዮቹን አቋቋም እዩ። ጎንበስ ብለው እጃቸውን ወደ ተጋጣሚያቸው ጉልበት የሚሰዱ ከሆነ ነፃ ትግል ነው። ቀጥ ብለው ደረት ለደረት ከተገናኙ ግሪኮ ሮማን ነው።

በፓሪስ ለወንዶች ግሪኮ ሮማን፣ ለወንዶች ነፃ ትግልና ለሴቶች ነፃ ትግል ስድስት ስድስት የክብደት ምድብ ነበር፤ በድምሩ 18 ወርቅ። የሴቶቹ 50፣ 53፣ 57፣ 62፣ 68 እና 76 ኪሎ ናቸው። ሴቶች ወደ ኦሊምፒክ ትግል የገቡት በ2004 አቴንስ ላይ በአራት ምድብ ሲሆን፣ ከወንዶቹ እኩል ስድስት የደረሰላቸው በ2016 ነው።

ለጀማሪ ቀለል ያለ ክብደት እመክራለሁ። ከባዶቹ ግርማ አላቸው፤ ነገር ግን አንድ ነጥብ ለማግኘት ረጅም ደቂቃ ሊገፋፉ ይችላሉ። ቀላሎቹ ዘንድ ነጥብ ቶሎ ቶሎ ይገባል፤ ሕጉን ለመልመድ ይህ ይጠቅማል።

2. ድልድሉን በወረቀት ላይ አውጡ

በእያንዳንዱ ክብደት 16 ተወዳዳሪ ነው ያለው፤ ከአንድ አገር ከአንድ በላይ አይገባም። ለፓሪስ አምስቱ ቦታ ከዓለም ሻምፒዮና፣ ስምንቱ ከአራት የአህጉር ማጣሪያዎች ሁለት ሁለት፣ ሦስቱ ከመጨረሻው የዓለም ማጣሪያ ተገኝተዋል። ቦታው የአገሩ ነው፤ ማጣሪያውን ያለፈው ሰው ሌላ፣ ኦሊምፒክ የሚመጣው ሰው ሌላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የማታውቁት ስም ድልድሉ ላይ ብታዩ አትደነቁ።

አሥራ ስድስቱን ስም ከላይ ወደ ታች ጻፉና መሐል ላይ መስመር አስምሩ። ከመስመሩ በላይ ካሉት ስምንቱ አንዱ ለፍጻሜ ይደርሳል፤ ከታች ካሉትም እንዲሁ። ከዚህ በኋላ የምትሠሩት ሥራ አንድ ነው፦ እያንዳንዱ ያለፈ ሰው ማንን አሸንፎ እንዳለፈ በስሙ ጎን ማስፈር። ይህን የምጠይቀው ለጌጥ አይደለም፤ በሁለተኛው ቀን የነሐስ ሜዳልያው የሚወጣው ከዚህ ዝርዝር ነው።

የትግል ጥሎ ማለፍ ከሌሎች ስፖርቶች የሚለይበት ነገር ሬፔሻዥ የሚባለው ዕድል ነው። ለፍጻሜ በደረሱት ሁለት ሰዎች የተሸነፉ ሁሉ ለነሐስ ይመለሳሉ። አንድ የፍጻሜ ተፋላሚ እስኪደርስ ሦስት ሰው ያሸንፋል፦ በመጀመሪያው ዙር፣ በሩብ ፍጻሜና በግማሽ ፍጻሜ። በመጀመሪያው ዙር የተሸነፈውና በሩብ ፍጻሜ የተሸነፈው ይጋጠማሉ፤ ያሸነፈው በግማሽ ፍጻሜ ከተሸነፈው ጋር ለነሐስ ይፋለማል። ይህ በሁለቱም ወገን ስለሚደረግ ሁለት ነሐስ ይሰጣል።

ከዚህ አንድ እንግዳ ነገር ይከተላል። በመጀመሪያው ዙር የተሸነፈ ሰው እሱን የረታው ተጋጣሚ ለፍጻሜ እንዲደርስለት ቀኑን ሙሉ ይመኛል። የጃፓኗ ዩዪ ሱሳኪ በፓሪስ የገጠማት ይኸው ነው። ከዚያ በፊት በዓለም አቀፍ ውድድር ተሸንፋ የማታውቅ፣ የቶኪዮ የወርቅ ባለቤት ነበረች፤ በመጀመሪያው ዙር በሕንዷ ቪኔሽ ፎጋት ተረታች። ቪኔሽ ግማሽ ፍጻሜውን ባታሸንፍ ኖሮ የሱሳኪ ኦሊምፒክ እዚያው ያበቃ ነበር።

3. ሚዛኑን አትዝለሉ

ሚዛን በቴሌቪዥን እምብዛም አይታይም፤ ቢሆንም ውድድሩ የሚጀምረው እዚያ ነው። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሐኪም የእያንዳንዱን ተወዳዳሪ ቆዳ ያያል፤ ተላላፊ የቆዳ በሽታ ያለበት አይታገልም። ጥፍር አጭር መሆን አለበት። ከዚያ የትግል ልብሱን ለብሶ ሚዛን ላይ ይወጣል። ለልኬቱ የተመደበው 30 ደቂቃ ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ደጋግሞ መመዘን ይቻላል።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ለፍጻሜና ለሬፔሻዥ የደረሱት እንደገና ይመዘናሉ፤ የአሁኑ ጊዜ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ፈተናው እዚህ ላይ ይከብዳል። አብዛኛው ታጋይ በዘወትር ኑሮው ከምድቡ በላይ ይመዝናል፤ ከውድድር በፊት ባሉት ቀናት ውኃና ምግብ ቀንሶ፣ ላብ አውጥቶ ነው የሚወርደው። በመጀመሪያው ቀን ሦስት ጊዜ ለመታገል ደግሞ መብላትና መጠጣት ግድ ነው። ያ ክብደት በአንድ ሌሊት ተመልሶ መውረድ አለበት።

ቪኔሽ ኦገስት 6 በአንድ ቀን ሱሳኪን፣ የዩክሬኗን ኦክሳና ሊቫችንና የኩባዋን ዩስኔይሊስ ጉዝማንን አሸንፋ ለፍጻሜ ደረሰች። በማግስቱ ጠዋት ሚዛኑ ከ50 ኪሎ 100 ግራም አሳለፈባት። ከውድድሩ ተሰረዘች፤ ብሩም አልተረፈላትም፤ ሕጉ የመጨረሻ ደረጃ ላይ ያስቀምጣታል። በግማሽ ፍጻሜ የተሸነፈችው ጉዝማን ለፍጻሜ ገባች፤ ወርቁን የአሜሪካዋ ሣራ ሂልደብራንት ወሰደች፤ ሱሳኪ ነሐስ አገኘች። ቪኔሽ ለስፖርት የግልግል ፍርድ ቤት አቤት ብትልም አቤቱታዋ ውድቅ ሆነ።

እኔ ሕጉ ለሁሉም እኩል መሆን እንዳለበት አምናለሁ፤ ሁለተኛው ልኬትም ክብደትን ከልክ በላይ አውርዶ በአንድ ሌሊት መልሶ መጫንን ለመከላከል የመጣ ነው። ነገር ግን በመጀመሪያው ቀን በትክክለኛ ክብደት የተገኘን ድል የሁለተኛው ቀን ሚዛን ጠቅልሎ ሊወስደው አይገባም ባይ ነኝ። ለማንኛውም በሁለተኛው ቀን ጠዋት የድልድል ወረቀታችሁን ከይፋዊው ውጤት ጋር ሳታስተያዩ ማታውን አትጠብቁ።

4. ምንጣፉንና ዳኛውን እወቁ

የመታገያው ክብ ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 9 ሜትር ነው። በዳሩ ዙሪያ 1 ሜትር ስፋት ያለው ብርቱካናማ ቀለበት አለ። ታጋዮች እዚያ ቀለም ላይ ሲደርሱ ዓይናችሁን ወደ እግራቸው አውርዱ፤ እግሩን ከክቡ ውጭ ያሳረፈ ሰው ለተጋጣሚው 1 ነጥብ ይሰጣል። ጥሩ ታጋይ ጀርባው ወደ ዳሩ መጠጋቱን ሳይዞር ያውቀዋል፤ ደካማው ግን ፊሽካ ሲነፋ ነው የሚነቃው።

አንዱ ቀይ፣ ሌላው ሰማያዊ ለብሶ ይገባል። የምንጣፉ ዳኛ በግራ እጁ ቀይ፣ በቀኝ እጁ ሰማያዊ መለያ ያደርጋል። ሰሌዳውን ከማየታችሁ በፊት የዳኛውን እጅ እዩ፦ የትኛው እጅ እንደተነሳ ለማን፣ ስንት ጣት እንደወጣ ደግሞ ስንት ነጥብ እንደሆነ ይነግራል። ከእሱ ሌላ ጎን የተቀመጠ ዳኛና የምንጣፉ ሊቀ መንበር አሉ፤ ከሦስቱ ሁለቱ ካልተስማሙ ነጥብ አይጸድቅም። ጣት ተነስቶ ሰሌዳው ሳይለወጥ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ግጥሚያው ሦስት ሦስት ደቂቃ ሁለት ጊዜ ነው፤ መሐሉ 30 ሰከንድ ዕረፍት። ጊዜ መገደቡን እንደ ቀላል ነገር አትዩት። በ1912 ስቶክሆልም ላይ ማርቲን ክላይንና አልፍሬድ አሲካይነን በግማሽ ፍጻሜ 11 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ታግለዋል። ክላይን አሸነፈ፤ ነገር ግን ከድካሙ የተነሳ ለፍጻሜ መቅረብ አልቻለም።

5. ነጥቡን ከሰሌዳው ቀድማችሁ ቁጠሩ

የምትጨነቁባቸው ቁጥሮች ጥቂት ናቸው። ከክብ ማስወጣት 1። ከታች ሆኖ ተገልብጦ የበላይነት መያዝ 1። ከቁም ጥሎ መቆጣጠር 2። መሬት ላይ ያለን ተጋጣሚ ጀርባውን ወደ ምንጣፍ ማዞር 2። ከቁም በቀጥታ በጀርባው የሚጥል ውርወራ 4፤ ከፍ ብሎ ትልቅ ቅስት ሠርቶ የሚወርድ ከሆነ 5።

ከእነዚህ ሁሉ ተመልካችን የሚያደናግረው መጣል ነው። ነፃ ትግል ላይ አንዱ ዝቅ ብሎ የሌላውን አንድ እግር ያዘ እንበል። ሕዝቡ ይጮኻል፤ ነጥብ ግን ገና የለም። የተያዘው ሰው ወዲያው ሁለት እግሩን ወደ ኋላ ወርውሮ በደረቱ ክብደት የአጥቂው ጀርባ ላይ ይጫናል። አሁን ወሳኙ ወገብ ነው። አጥቂው የያዘውን እግር ወደ ደረቱ ስቦ ወደ ጎን እየዞረ ከተጋጣሚው ኋላ ከደረሰ፣ ተጋጣሚውም ሁለት ጉልበቱና አንድ እጁ፣ ወይም ሁለት እጁና አንድ ጉልበቱ መሬት ከነካ፣ 2 ነጥብ ይቆጠራል። ከላይ የተጫነው ከቀደመና እሱ ከኋላ ከዞረ ደግሞ ነጥቡ የእሱ ነው፤ ጥቃቱን ባይጀምረውም። ስለዚህ እግር ሲያዝ እጅ እጁን አትከተሉ፤ የማን ወገብ ከማን ኋላ እንደሚደርስ ተከተሉ።

ጀርባ ማዞርን በተመለከተ ሕጉ የሚጠይቀው ጀርባ ከምንጣፉ ጋር የሚሠራው አንግል ከ90 ዲግሪ እንዲያንስ ነው። ትከሻ መሬት መንካት አይጠበቅበትም። ወገብ በክንድ ጠምዝዞ ማንከባለል፣ በነፃ ትግል ደግሞ ሁለት ቁርጭምጭሚት ቆላልፎ ማንከባለል በጣም የተለመዱ ናቸው፤ በተንከባለለ ቁጥር 2፣ 2 ይደመራል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ስሌት በተለይ ይጠቅማችኋል። በነፃ ትግል ልዩነቱ 10 ሲደርስ፣ በግሪኮ ሮማን 8 ሲደርስ ግጥሚያው እዚያው ያበቃል። አንድ መጣልና አራት ማንከባለል 10 ይሞላል። ቁርጭምጭሚት ቆልፎ የሚያንከባልል ሰው ይህንን ሰዓቱ ገና ሳይሞቅ ሊጨርሰው ይችላል፤ ስለዚህ መጀመሪያው ደቂቃ ላይ ከወንበር አትነሱ።

ከሁሉም በላይ ሁለት ትከሻ ማስነካት አለ። ዳኞቹ ሁለቱም ትከሻ በቁጥጥር ሥር ሆኖ ምንጣፍ መንካቱን ካጸደቁ ነጥብ ምንም ያህል ቢሆን ዋጋ የለውም፤ 9 ለ 0 ሲመራ የነበረ ሰው ተሸንፎ ይወጣል።

6. ማን እንደሚሸሽ እዩ

ዝም ብሎ መከላከል በትግል ያስቀጣል። በነፃ ትግል ዳኛው መጀመሪያ ያስጠነቅቃል፤ ሁለተኛ ጊዜ ከሆነ 30 ሰከንድ ይሰጠዋል። በእነዚያ 30 ሰከንዶች ማንም ነጥብ ካላገኘ ለተጋጣሚው 1 ይጨመራል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች 0 ለ 0 ካለፉ ዳኛው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግዴታው ነው። በፓሪስ በሥራ ላይ በነበረው የግሪኮ ሮማን ሕግ ደግሞ ጥቃት ያልሰነዘረው ሰው 1 ነጥብ ከመስጠቱ በላይ በሆዱ ምንጣፍ ላይ ተኝቶ ተጋጣሚው ከላይ እንዲይዘው ይደረግ ነበር። ብዙ የግሪኮ ሮማን ፍጻሜ የተወሰነው በዚያች ቅጽበት ነው፤ ከታች ያለው ሆዱን ምንጣፍ ላይ አጣብቆ ካልጸና ይገለበጣል ወይም ይነሳል።

7. እኩል ሲሆኑ ማን እንደሚመራ እወቁ

ትግል በአቻ አያልቅም፤ ጭማሪ ሰዓትም የለውም። ነጥቡ እኩል ከሆነ መጀመሪያ የሚታየው ማን ትልቅ ዋጋ ያለው ጥቃት እንደሠራ ነው፤ ቀጥሎ ማን ያነሰ ማስጠንቀቂያ እንዳለበት፤ እሱም እኩል ከሆነ የመጨረሻውን ነጥብ ያስቆጠረው ያሸንፋል። ስለዚህ ሰሌዳው 1 ለ 1 ቢልም አንዱ እየመራ ነው። ማን እንደሆነ ለማወቅ ማን እያጠቃ እንደሆነ ማየት ይበቃል፤ እየተመራ ያለው እሱ ነውና።

8. የአሰልጣኙን ማዕዘን ጠብቁ

አሰልጣኝ ውሳኔ ካልተዋጠለት ለስላሳ ስፖንጅ ወደ ምንጣፉ ይወረውራል፤ ቪዲዮው ይታያል። ትክክል ከሆነ ውጤቱ ይስተካከላል፤ ካልሆነ ለተጋጣሚው 1 ነጥብ ይጨመራል፣ በዚያ ግጥሚያም ሌላ መጠየቅ አይችልም። ታጋዩ ራሱ «ተው» ብሎ አሰልጣኙን መከልከል ይችላል። እኔ በበኩሌ በዚህ ጊዜ የማየው የታጋዩን ፊት ነው፤ እግሩ መቼ ከክብ እንደወጣ ከአሰልጣኙ ይልቅ እሱ ያውቃል።

አሁን እስካሁን ያልነውን ሁሉ ይዘን ወደ ቪኔሽና ሱሳኪ እንመለስ። ሱሳኪ ነጥብ የያዘችው ቪኔሽ ጥቃት ባለመሰንዘሯ በተሰጣት 1 እና 1 ነው፤ 2 ለ 0። ግጥሚያው ሊያልቅ ሰከንዶች ሲቀሩት ቪኔሽ ጣለቻትና 2 ነጥብ አገኘች። ሰሌዳው 2 ለ 2 ነው፤ ነገር ግን የቪኔሽ አንድ ባለ 2 ጥቃት ስለሆነ፣ የሱሳኪ ደግሞ ሁለት አንድ አንድ ስለሆነ፣ ቪኔሽ ትመራለች። የጃፓን አሰልጣኞች ቪዲዮ ጠየቁ፤ ውሳኔው ጸና፤ 1 ነጥብ ተጨመረ፤ 3 ለ 2። ሕጉን የማያውቅ ሰው ሦስተኛው ነጥብ ከየት እንደመጣ ይጠይቃል። እናንተ ግን ከአስተያየት ሰጪው ቀድማችሁ ማስረዳት ትችላላችሁ።

በቶኪዮ የወንዶች 125 ኪሎ ፍጻሜም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። አሜሪካዊው ጌብል ስቲቨሰን በጆርጂያው ጌኖ ፔትሪያሽቪሊ 8 ለ 5 እየተመራ በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ሁለት ጊዜ ጣለው፤ 9 ለ 8 ሆነ። አሥረኛው ነጥብ የመጣው ካልተሳካ የቪዲዮ ጥያቄ ነው።

9. አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ማየት የምትችሉ ከሆነ

ሁለቱን ቀን መከታተል የማይመቸው ሰው ብዙ ነው። እንግዲያው የመጀመሪያውን ቀን ግማሽ ፍጻሜ ምረጡ እላለሁ። ፍጻሜ ላይ የደረሰ ሰው ሚዛኑን እስካለፈ ድረስ ቢያንስ ብር እጁ ላይ ነው፤ ጥንቃቄ ያበዛል። ግማሽ ፍጻሜ ላይ ግን የተሸነፈ ሰው በማግስቱ ለነሐስ አንድ ግጥሚያ ይቀረዋል፤ እሱንም ተሸንፎ ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል። ሁለተኛው ምርጫዬ የነሐስ ግጥሚያዎች ናቸው። በፕሮግራሙ ላይ አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ በአንድ ማታ የአንዱ ክብደት ግማሽ ፍጻሜና የሌላው ክብደት ፍጻሜ ተቀላቅለው ይቀርባሉ። የመረጣችሁትን ኪሎና የትግሉን ዓይነት ከስሞቹ በላይ በትልቁ ጻፉ፤ 97 ኪሎ ለምሳሌ በፓሪስ በነፃ ትግልም በግሪኮ ሮማንም ነበረ።

ከፍጻሜ በኋላ ታጋዩ ጫማውን አውልቆ ምንጣፉ መሐል ትቶ ሲወጣ ካያችሁ ከውድድር መሰናበቱ ነው። የኩባው ሚሃይን ሎፔዝ በፓሪስ ይህን ያደረገው በ130 ኪሎ ግሪኮ ሮማን ፍጻሜ ያስማኒ አኮስታን 6 ለ 0 ካሸነፈ በኋላ ነው። ከ2008 ቤጂንግ ጀምሮ ያገኘው አምስተኛ ተከታታይ ወርቅ ነበር፤ በአንድ የግል ውድድር አምስት ተከታታይ ኦሊምፒክ ያሸነፈ ከእሱ በፊት አልነበረም።

የእስያ፣ የአፍሪካና የፓን አሜሪካ ጨዋታዎችን ለምትከታተሉም ነጥቡ፣ ሰዓቱና የዳኛው ምልክት ይኸው ነው። የሚለያየው የተወዳዳሪው ብዛትና የክብደቶቹ ዝርዝር ስለሆነ ድልድሉን ከማውጣታችሁ በፊት እነዚህን ሁለቱን ከጨዋታው ይፋዊ ፕሮግራም ላይ አረጋግጡ።